ከሐውልቱ በፊት ስማቸው፦ ለአዘና ሴቶች መታሰቢያ መናፈሻ ለሚያስቡ ሁሉ ማሳሰቢያ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ይወጣሉ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበራቸው በዓድዋና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን የተዋደቁትን አባቶች ሲያስብ፣ አባቶቹን ተሸክመው ጦር ሜዳ የዋሉትን ፈረሶችም አብሮ ያስባል። ለፈረስ ውለታ በዓል የሠራ ሕዝብ ሊመሰገን ይገባዋል። ግን ፈረሱም ፈረሰኛውም በባዶ ሆድ አልዘመቱም። ገብሱን ቆልታ በሶውን የፈጨች፣ ድርቆሹን ያሰናዳች፣ ከዘማቹ ኋላ እንስራ አዝላ የተጓዘች፣ ቤት የቀረችም እንደሆነ እርሻውን፣ ከብቱንና ሕፃናቱን ይዛ የከረመች ሴት ነበረች። ስሟን ብትጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት መልስ "የእገሌ እናት" ወይም "የእገሌ ሚስት" የሚል ነው።

ስለዚህ በዚያው በአዊ ምድር ያለችው የአዘና ከተማ ለሴቶቿ መታሰቢያ የሚሆን መናፈሻ ይኑራት እላለሁ። ከአዲስ አበባ የተነሣው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ከወረደ ወዲህ አደባባይና መናፈሻ መሥራት የየማዘጋጃ ቤቱ ዕቅድ ሆኗል፤ ጊዜው አመቺ ነው። ነገር ግን አመቺ ጊዜ ችኮላም ያመጣል። መሬቱ ይታጠራል፣ ንጣፉ ይነጠፋል፣ እንስራ ያዘለች የሲሚንቶ ሴት ትቆማለች፣ ሪባን ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደታሰበ የሚያውቅ አይኖርም። ይህ ማሳሰቢያ እንዲያ እንዳይሆን የተጻፈ ነው። የተጻፈውም ለማዘጋጃ ቤቱና ለቀበሌ አስተዳደሮች፣ ለዕድር ዳኞች፣ ለካህናትና ለሼኾች፣ ለመምህራንና ለወጣቶች፣ ከሩቅ አገር ሆነው ገንዘብ ለሚልኩ የአካባቢው ተወላጆች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለአዘና ሴቶች ራሳቸው ነው።

ሐውልት ከማዘዛችሁ በፊት መዝገብ ክፈቱ።

ይህ ከሁሉ የሚቀድም ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢዘገይ ግድ የለም። ድንጋይ የዛሬ አሥር ዓመትም ይጠረባል። ባለ ሰማንያ ዓመቷ እናት ግን የእናቷን፣ የአያቷንና የአዋላጇን ስም ይዛ ካለፈች መልሶ የሚያመጣው የለም። ስለዚህ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት፣ አንዷ የግድ ሴት ሆና፣ ደብተርና ስልክ ይዘው ይውጡ። ሲጠይቁም ስምን ከነአባት፣ ከነአያት፣ ከነእናት ይጠይቁ፤ የት እንደተወለደች፣ የት እንደኖረች፣ ምን እንደሠራችና ማን እንዳየ ይመዝግቡ። አንድ ሰው የነገራቸውን ዝምድና ከሌለው ሌላ ሰው ያረጋግጡ። ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለቱንም ይጻፉ እንጂ አንዱን መርጠው ሌላውን አይሰርዙ።

ጥያቄውን ወንዶች ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት ዛፍ ሥር ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። የአዊ ሽማግሌ የዘር ሐረግ ሲቆጥር ወደ ላይ ብዙ ትውልድ ይደርሳል፤ አቆጣጠሩ ግን ከአባት ወደ አባት ነው። ከተማዋ የተጠራችበት አዘና ራሱ በትውፊቱ ከሰባቱ ቤት አንዱ ነው፤ ወንድሞቹ አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም፣ ቻራ፣ ኳኩራና መተከል ይባላሉ። የሰባቱ ወንድማማቾች እናት ማን ትባል እንደነበር ሽማግሌ አግኝታችሁ ጠይቁ። የምታገኙት መልስም ዝምታም ቢሆን በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይስፈር። ከዚያ ወደ ማጀት ግቡ። ሴቶች ቡና ሲያፈሉ፣ ጥጥ ሲፈትሉ፣ ሐዘን ቤት ሲቀመጡ የሚያነሡት ወሬ ውስጥ በማንም መጽሐፍ ያልሰፈረ ታሪክ አለ።

የተጻፈ ነገር የለም ብላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። የዕድር መዝገብ አለ። በቤተ ክርስቲያን የክርስትና ስም የተመዘገበበት ሊገኝ ይችላል። በትምህርት ቤት የድሮ የተማሪ መዝገብ አለ። በአማራ ክልል ደግሞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር አለ፤ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው ጎን ለጎን የሰፈረበት ነው። ለብዙ የገጠር ሴት ስሟ በመንግሥት ወረቀት ላይ ከባሏ እኩል የተጻፈበት የመጀመሪያው ሰነድ እርሱ ሳይሆን አይቀርም። ሴትዮዋ ብታልፍም ልጆቿ አስቀምጠውት ይሆናልና ጠይቁ፤ ደብተሩን ግን ከቤት አታውጡ፣ አንብባችሁ መልሱ።

በባሏ ስም አትጥሯት።

በእኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ እስከ ዕለተ ሞቷ በአባቷ ስም ትጠራለች። እንዲህ ያለ ወግ እያለን በድንጋይ ላይ "የቀኛዝማች እገሌ ባለቤት" ብሎ መቅረጽ ምንም ምክንያት የለውም። ሰው የሚያውቃት በቁልምጫዋ ከሆነ ቁልምጫዋም ይጨመር። እማሆይ ከተባለች እማሆይ፣ ሐጃ ከተባለች ሐጃ ተብላ ትጻፍ። ጽሑፉ በአዊኛና በአማርኛ ይሁን፤ ሁለቱም በአንድ ፊደል ስለሚጻፉ ባለሙያው አይቸገርም። አዊኛው የሚመጣውም ቦታ ከተረፈ ተብሎ ከሥር በደቃቅ ፊደል መሆን የለበትም፤ አብዛኞቹ እነዚህ ሴቶች ልጆቻቸውን እሹሩሩ ያሉት በዚያ ቋንቋ ነው።

ማንን እንደተዋችሁ ደጋግማችሁ ጠይቁ።

በደቡብ አፍሪካ ብሉምፎንቴይን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1913 የተመረቀ ትልቅ የሴቶች ሐውልት አለ። በእንግሊዞችና በቦሮች ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ባቋቋሟቸው የማጎሪያ ካምፖች በረሃብና በበሽታ ያለቁ 26 ሺህ የሚደርሱ የቦር ሴቶችና ሕፃናት መታሰቢያ ነው። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን በዚያው ጦርነት ለጥቁሮች በተለዩ ካምፖች ከ14 ሺህ የማያንሱ ጥቁር አፍሪካውያን ሞተዋል፤ አብዛኞቹም ሕፃናት ነበሩ። ሐውልቱ ሲቆም እነርሱን ያስታወሰ አልነበረም። አንድ ሕዝብ የራሱን እናቶች በቅንነት ሲያስብ የጎረቤቱን እናቶች ሊረሳ ይችላል፤ ይህ በሩቅ አገር ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም።

እኛ ዘንድ ሊረሱ የሚችሉት እነማን እንደሆኑ በግልጽ እንናገር። ሸክላ ሠሪዋ አለች። ምጣዱን፣ ገንቦውን፣ ጀበናውን ከእርሷ እየገዛን በ"ቡዳ" ስም ከማዕዳችን አርቀናት ኖረናል። ጠላ ነግዳ ልጅ ያስተማረች እናት አለች። ልጅ ስላልወለደች "መካን" ተብላ የተፈታች፣ ግን የሰው ልጅ ያሳደገች ሴት አለች። ሙስሊሟ እናት አለች። ከሌላ አካባቢ መጥታ እዚህ ቤት የሠራች፣ የአገውም የአማራም ያልሆነች አለች። በባርነት ዘመን ከራስዋ ወገን ተነጥቃ በሰው ቤት ስትፈጭ የኖረችም አለች። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የዚያን ዘመን ሰው ያየ ዛሬም በሕይወት ይገኛል። የዚህችን የመጨረሻዋን ስም ማግኘት ከሁሉ ይከብዳል፤ ቢገኝም የጌታዋ ቤት ያወጣላት ስም ሊሆን ይችላል። ስሟ ከጠፋ ለእርሷ ብሎ የሚቆም ድንጋይ ሳይጻፍበት ይቁም፤ ለምን ባዶ እንደሆነም ከጎኑ በሁለት መስመር ይብራራ።

የቅርቦቹንም አትርሱ። የልምድ አዋላጇን ከጻፋችሁ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ቤት ለቤት እየዞሩ ያስከተቡትንና ነፍሰ ጡር የተከታተሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አስቡ። ከእነርሱ መካከል ያለፉ ካሉ ስማቸው ይግባ።

እቴጌዎችን ወደ አዘና አታምጡ።

ይህን የምለው ክብራቸውን ለመቀነስ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በመቀሌ ምሽግ የጠላትን ውኃ ያስያዙ፣ አዲስ አበባን ስም አውጥተው የቆረቆሩ ናቸው፤ በስማቸው የሚጠራ ሆቴል አለ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቆሟል። የአገው ነገሥታት በነገሡበት ዘመን የንጉሥ ላሊበላ ባለቤት የነበሩት ቅድስት መስቀል ክብራም በላስታ የሚዘከሩ ናቸው፤ ቤተ አባ ሊባኖስን ያሠሩት እርሳቸው መሆናቸውን ትውፊቱ ይናገራል። የሚያስታውሳቸው አላጡም። በአንድ ትንሽ ከተማ መናፈሻ መግቢያ ላይ የንግሥት ሐውልት ከቆመ ጎብኚው እርሱን ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል፤ የአዘናዋ ወይዘሮ ለሁለተኛ ጊዜ ትረሳለች።

ከሩቅ አርአያ ካስፈለገ የምመርጠው የጽላሎዋን የቅኔ መምህር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ነው። ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ጉባኤ ዘርግተው ወንዶቹን ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል። ስማቸው የቀረው ቤተ መንግሥት ጽፎላቸው አይደለም። ተማሪዎቻቸው መምህራችን ማን ነበሩ ሲባሉ በየደረሱበት ስማቸውን ስለጠሩ ነው። ለአዘና የሚያስፈልጋት ይህ ዓይነቱ ምስክርነት ነው፤ የተማረው ያስተማረችውን፣ የተወለደው ያዋለደችውን ይጥራ።

ድንጋዮቹ ሁሉ እኩል ይሁኑ።

ገንዘብ ያዋጣ ቤተሰብ የእናቱን ድንጋይ ትልቅ ማድረግ አይችልም። ቅደም ተከተሉ በፊደል ተራ ይሁን፤ በማዕረግ፣ በሀብት፣ በቤተሰብ ተሰሚነት አይሁን። ለጋሾችን ማመስገን ተገቢ ነው፤ ምስጋናው ግን በመዝገብ ይስፈር እንጂ ከስሞቹ ጋር በአንድ ግድግዳ ላይ አይለጠፍ። የባለሥልጣን ስም ያለበት "ይህ መናፈሻ በክቡር እገሌ ተመረቀ" የሚል ሰሌዳ ባይኖር ደግሞ እጅግ ደስ ይለኛል።

ባዶ ቦታ ተዉ። በሩዋንዳ የኪጋሊው የዘር ጭፍጨፋ መታሰቢያ የስም ግድግዳ ስሞች ሲገኙ እየተጨመሩበት የሚሄድ ነው። አዘናም እንዲሁ ታድርግ። በዓመት አንድ ቀን ተመርጦ አዳዲስ ስሞች ይነበቡ፣ ይቀረጹ። በመጀመሪያው ዙር አርባ ስም ብቻ ቢገኝ አርባው በቂ ነው። ቁጥር ለማሟላት ሲባል ያልተረጋገጠ ስም አይግባ።

ስም በቀለም አይጻፍ። የአዊ ምድር ዝናብ ብዙ ነው፤ ቀለም ይለቅቃል፣ ብረት ይዝጋል፣ እንጨት ምስጥ ይበላዋል፣ ባነር አንድ ክረምት አይሻገርም። በጥቁር ድንጋይ ላይ ጠልቆ ይቀረጽ። ድንጋዩም ውኃ እንዳይተኛበት ዘንበል ተደርጎ ይተከል።

ቦታውን ስትመርጡ ሁለት ነገር አስቡ።

አንደኛው፣ ሰው የሚያልፍበት ይሁን። በፕሪቶሪያ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1956 ሃያ ሺህ ያህል ሴቶች የይለፍ ወረቀት ሕጉን በመቃወም ወደ መንግሥቱ ጽሕፈት ቤት ዘምተው ነበር። ለእነርሱ እ.ኤ.አ. በ2000 የተመረቀው መታሰቢያ ትልቅነታቸውን በወፍጮ ድንጋይ የገለጠ፣ ሐሳቡ እጅግ ያማረ ሥራ ነው። ነገር ግን የቆመው በዚያው የመንግሥት ሕንፃ ቅጥር ውስጥ ስለሆነ ተራው ሰው እንደልቡ አይደርስበትም ተብሎ ብዙ ተተችቷል። የአዘና መታሰቢያ ከአስተዳደር ግቢ ውስጥ፣ ጥበቃ ከሚፈትሽበት በር ኋላ አይሁን። ሴቶች ወደ ገበያ፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ወፍጮ ቤት በሚመላለሱበት መንገድ ዳር ይሁን።

ሁለተኛው፣ ነገ መንገድ የማይወጣበት ይሁን። በአዲስ አበባ የሰማዕቱ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡር መሥመር ሲባል በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሥቶ የተመለሰው በ2008 ዓ.ም. ነው። ለትልቅ ሰማዕት ይህ ከሆነ፣ ጠያቂ ለሌላቸው ሴቶች ድንጋይ የሚመልሰው ማን ነው? ስለዚህ የከተማው ፕላን ይታይ፣ ይዞታው በመታሰቢያነት ይመዝገብ፣ ካርታው ይውጣ። የሰው እርሻ ወይም ጓሮ ተወስዶ ግን አይሠራ፤ በተለይ ባሏ የሞተባት ሴት ይዞታ።

መናፈሻው በሕይወት ላሉት ሴቶች ይጥቀም።

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በገበያ ቀን ማገዶ፣ እህል ወይም ድንች አዝላ ረጅም መንገድ የመጣች ሴት ማረፍ ስትፈልግ ችግሯ መቀመጥ ብቻ አይደለም። ሸክሟን መሬት ካወረደችው የሚያሸክማት ሰው ያስፈልጋታል፤ ብቻዋን ከሆነች ሸክሟን እንዳዘለች ቆማ ትተነፍሳለች እንጂ አትቀመጥም። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው። በመንገዱ ዳር በኩል ወገብ ድረስ የሚደርስ፣ ሰፋ ያለ የድንጋይ መደብ ይሠራ። ሴቲቱ ጀርባዋን ሰጥታ ሸክሙን መደቡ ላይ ታሳርፋለች፣ ማሰሪያውን ሳትፈታ ትተነፍሳለች፣ ሲበቃት ያለማንም ርዳታ ቀና ብላ ትሄዳለች። የሸክም ማሳረፊያ መደብ ከየትኛውም ሐውልት ይልቅ ለእነዚያ እናቶች የሚገባ መታሰቢያ ይመስለኛል። ከፍታው በመሐንዲስ ግምት አይወሰን። የሚሸከሙትን ሴቶች ጠርታችሁ፣ አስቁማችሁ፣ ለክታችሁ ሥሩት። አጫጭሮችና ረጃጅሞች ስላሉ ሁለት ከፍታ ይኑረው።

ከዚያ ቦኖ ይግባ። ውኃ የሚቋረጥበት ቀን ስለሚኖር ከጎኑ የማጠራቀሚያ ታንከር ይቀመጥ። መጸዳጃ ቤቱ የሴቶች ለብቻው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ መብራት ያለው ይሁን፤ የማይጸዳ መጸዳጃ ከሚሠራ ባይሠራ ይሻላል። ለሚያጠቡ እናቶች ጥላና መከለያ ያለው ጥግ ይዘጋጅ። ለአረጋውያን መደገፊያ ያለው አግዳሚ ወንበር፣ ለአካል ጉዳተኛ ደረጃ የሌለው መግቢያ ይኑር። ሲመሽ መብራት ይብራ፤ ሴት ልጅ አልፋው ለመሄድ የምትፈራው መናፈሻ በሴቶች ስም ሊጠራ አይገባውም።

መግቢያ አታስከፍሉ። አንድ ጥግ ላይ ጀበና ቡናና ቆሎ የሚሸጡ ሴቶች ቦታ ይሰጣቸው፤ ደንብ አስከባሪ እንዳያባርራቸውም ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን።

ዛፍ ስትተክሉ ባህር ዛፍና ዲከረንስ አትትከሉ። ሁለቱም በየማሳው ለማገዶ፣ ለከሰልና ለገቢ ጠቅመውናል፤ ለመታሰቢያ ግን የሚቆረጥ ዛፍ አይሆንም። ዋንዛ፣ ወይራ፣ ብሳና፣ ሾላ ይተከል፤ በአጥሩ ዙሪያ ቀርከሃ ያምራል። ተከላው በክረምት ይሁንና ፎቶ ተነሥቶ አይበተን፤ እያንዳንዱ ችግኝ ቢያንስ ሁለት በጋ ውኃ የሚያጠጣው ባለቤት ይመደብለት። ልጅ ያለው የልጁን፣ ትምህርት ቤት የክፍሉን ስም ይስጥና ይውሰድ።

የሴት ሐውልት ለማቆም አትቸኩሉ። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ካለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ፊት ለፊት ሦስት ያዘኑ ሴቶች ቆመዋል። ሐውልቱ ልብ ይነካል፤ የሚነካው ግን ሙዚየሙ ውስጥ የሟቾቹ ስምና ፎቶግራፍ ስላለ፣ በ2002 ዓ.ም. ሲከፈትም በአንድ ቀን አራት ልጆቻቸውን ያጡት ወይዘሮ ከበቡሽ አድማሱ በስማቸው ተጠርተው ስለከፈቱት ጭምር ነው። ስም የሌለው ሐውልት ግን ጌጥ ብቻ ይሆናል። ፎቶግራፍ ላልተገኘላት ሴት ፊት አትፍጠሩላት። ትጠቀምበት የነበረውን ዕቃ ማስቀመጥ ይሻላል፦ ያለቀ የወፍጮ ድንጋይ፣ እንዝርት፣ የተሰነጠቀ ገንቦ። ከቤተሰብ ስትቀበሉ የማን እንደነበረ ይጻፍ፤ አሁን የሚሠራበትን ዕቃ ግን ከማንም አትቀበሉ።

ስለ በደል የሚነገሩ ታሪኮች ይመጣሉ። የተጠለፈች፣ የተደፈረች፣ በጦርነት ጊዜ የተጎዳች ሴት ታሪክ ያለእርሷ ፈቃድ፣ ካለፈችም ያለቅርብ ቤተሰቧ ፈቃድ ድንጋይ ላይ አይውጣ። ፈቃድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ይከበርለት። መዝጋቢዎቹ የሰሙትን ቡና ቤት ወስደው አያውሩ፤ የድምፅ ቅጂውን በማኅበራዊ ሚዲያ የለቀቀ ከሥራው ይነሣ።

መታሰቢያውን ለማንም ወገን መድረክ አትስጡ። በዘመነ ደርግ አዲስ አበባ ላይ የቆመው የሌኒን ሐውልት ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ወዲያው ወረደ። ከገዢ ጋር የቆመ ከገዢ ጋር ይወድቃልና፣ በአዘና መናፈሻ ውስጥ የፓርቲ ዓርማ፣ የምርጫ ፖስተር፣ የመፈክር ሰሌዳ አይሰቀል። ማርች 8 ሲከበርም ንግግሩ አጥሮ ስሞቹ ይነበቡ። ዛሬ በወገን የተከፋፈሉ ቤተሰቦች ሁሉ እናቶቻቸውን በአንድ ቅጥር ውስጥ ማግኘት አለባቸው፤ ልጇ በየትኛውም በኩል ቢቆም እናት ከመዝገቡ አትፋቅ።

ለሚጎበኙ ሁሉ፦

ከብት አታሰማሩ፤ አጥር የፈረሰበት ካለ ለጠባቂው ንገሩ። በስም ድንጋዮቹ ላይ አትቀመጡ፣ አትርገጧቸው፣ ልብስ አታስጡባቸው። ሙሽሮች ፎቶ መነሣት ይችላሉ፤ ዛፍ ሥር ይነሡ እንጂ ድንጋዩን መቆሚያ አያድርጉት፤ ከመነሣታቸውም በፊት አንድ ስም ያንብቡ። ጫትና መጠጥ ይዛችሁ አትግቡ። ድምፅ ማጉያ የሚፈቀደው ስም በሚነበብበት ቀን ብቻ ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ አጥኑበት፣ ተጫወቱበት፤ የልጅ ሩጫና ሳቅ መታሰቢያን አያረክስም። ስታልፉ ሸክም ያዘለች ሴት ካያችሁ ሰላም በሏትና መደቡን አሳዩአት፤ መደቡን ይዞ የተቀመጠ ወጣት ካለ ይነሣላት።

የአያታችሁን ስም በድንጋዩ ላይ ካጣችሁት አትቆጡ፤ መዝገቡ ወዳለበት ቢሮ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ስሟ ተሳስቶ ከተጻፈ በጽሑፍ አመልክቱ፣ መናፈሻውን የሚመራው ኮሚቴም በአንድ ወር ውስጥ ይመልስ።

ስለ ኮሚቴው ደግሞ፣ ቢያንስ ግማሹ ሴቶች ይሁኑ፤ ከእነርሱም ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናቶች ይኑሩበት። ውሳኔው ይነበብላቸው። ስብሰባው በገበያ ቀንና በምሳ ሰዓት አይጠራ፤ ሴቶቹ ሊመጡ አይችሉምና። የተሰበሰበው ገንዘብ በየሦስት ወሩ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ለምረቃ ድግስ የታሰበው ብር ወደ ጠባቂና አትክልተኛ ደመወዝ ይዙር። የሚቀጠሩት ሰዎች ውኃ የሚያጠጡ፣ ሣር የሚያጭዱ፣ መጸዳጃ የሚያጸዱ ናቸውና ደመወዛቸው ከመከፈቱ በፊት በበጀት ይያዝ። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይቀመጥ፤ አንዱ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ወይም ትምህርት ቤት፣ ሌላው በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ይሁን፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይገኛል።

ይህን ሁሉ ለመጀመር መሬት እስኪሰጥ፣ በጀት እስኪፈቀድ መጠበቅ አያስፈልግም። የአዘና ልጅ የሆናችሁ ሁሉ፣ አዘና ያላችሁ ቤት ለቤት ሄዳችሁ፣ ሩቅ ያላችሁ ስልክ ደውላችሁ፣ በሕይወት ካሉት ሴቶች በዕድሜ ትልቋን ዘመዳችሁን "እማማ፣ እናትሽ ማን ይባሉ ነበር? ያዋለዱሽስ ማን ነበሩ?" ብላችሁ ጠይቁ። የነገረቻችሁን ሙሉ ስም፣ የተናገረችበትን ቀን ጨምራችሁ፣ ዛሬውኑ ጻፉት።